«የፅንስ ደም ቅዳ» የማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። የ63 ዓመት እናቴ ራስ ምታት በዝቶባት ኤም አር አይ ተነሣች። ወረቀቱን ጎረቤታችን ሲተረጉምልን «በቀኝ በኩል የፅንስ ደም ቅዳ አላት፤ የአፈጣጠር ጉድለት ነው» አለን። እናቴ «ፅንስ» የሚለውን ስትሰማ አማተበች። ሐኪሙ ግን «አያሰጋም» ብሏታል። ትርጉሙ ልክ ነው?

መልስ፦ እናትዎን ያስደነገጠቻቸው «የ» ናት። «የልጄ ጫማ» ስንል ባለቤቱን እንናገራለን፤ «የልጅ ጫማ» ስንል ግን ዓይነቱን፣ ጫማው ገና ሱቅ ውስጥ ቢሆንም። እናትዎ የሰሙት ባለቤትነትን ነው፤ ሐኪሞች የሚሉት ዓይነትን። ፅንስ ሳለን የአንጎል የኋላ ክፍል ደም የሚያገኘው በአንገት ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ከሚወጡት ደም ቅዳዎች ነው። ቆይቶ፣ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ አልፈው የሚመጡት ሥራውን ይረከባሉ። በአንዳንድ ሰው ርክክቡ ሳይፈጸም ይቀራል። ስለዚህ «እንደ ፅንስ ጊዜው የቀረ ደም ቅዳ» ቢባል ማንም አያማትብም።

«ደም ቅዳ» ራሱ የምወደው ቃል ነው። እንደ «ጥላሁን» ሁሉ ስምና ትእዛዝ ተጣብቀው የሠሩት ነው። መቅዳት ከምንጭም ነው፣ ወደ ሲኒም ነው፤ ልብ ጀበናውን ይዞ ለአንጎል ይቀዳል። ተመላሹ «ደም መልስ» ይባላል። «ደም መላሽ» የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን ይህን ስሰማ የሚታየኝ ጠመንጃ ያነገተ ተበቃይ ነው።

«ጉድለት» የሚለውን ግን አልቀበልም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ደም ቅዳዎቹ ከአንጎል ሥር ተገናኝተው ቀለበት እንደሚሠሩ አሳይቷል። ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው የኮዬ ፈጬ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፦ አንዱ መስመር ሲዘጋ በሌላው ዞሮ ይደርሳል። ይሁንና ቀለበቱ እንደ መጽሐፉ ሥዕል ሙሉ ሆኖ የማይገኝባቸው ጤነኛ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በአንዱ አንድ ቅርንጫፍ ክር ያህል ይቀጥናል፣ በሌላው ጭራሹን የለም። ግራኝን ሰው «ጉድለት አለበት» እንላለን? «የአፈጣጠር ልዩነት» ይበቃል። ከወረቀቱ ይሰረዝ ማለቴ አይደለም፤ የአንገት ደም ቅዳ ቢጠብ ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ፣ ደሙ በየት እንደሚሄድ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ለእናትዎ እንዲህ ብለው ያንብቡላቸው፦ «በቀኝ በኩል ያለው የኋላ ደም ቅዳ እንደ ፅንስ ጊዜው ቀርቷል፤ የአፈጣጠር ልዩነት ነው።»