ኢንተርንሺፕ ከመውጣትሽ በፊት ይሄን አንብቢ

«የሦስተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ጂፒኤዬ 3.1 ነው። ተመርቄ ቤት እንዳልቀመጥ ጂፒኤዬን ከፍ ላድርግ ወይስ ኮርስ ልውሰድ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ሰው ሁሉ «በርቺ፣ አንብቢ» ብሎሽ አልፏል። እኔ ያው ዲፓርትመንት ተምሬ ስምንት ወር ቤት የተቀመጥኩ ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

1. ጂፒኤሽ ይበቃል። ብዙዎቹ የሥራ ማስታወቂያዎች የሚቆርጡት 2.75 ወይም 3.00 ላይ ነው። ከዛ እንዳይወርድ ጠብቂው እንጂ 3.3 ላስገባው ብለሽ ሌላውን ሁሉ አትተይ። የመውጫ ፈተናም ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። በ2015 ሲጀመር ከተፈተኑት አንዷ ነኝ። የድሮ ኖትሽን ካልጣልሽ ታልፊዋለሽ።

2. ኢንተርንሺፕ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው። አራተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ሙሉውን ትወጫለሽ፣ ቦታውን ግን ከአሁኑ ፈልጊ። እኔ ጊዜው ሲደርስ ነው የተነሳሁት። የትብብር ደብዳቤ ላጽፍ ቢሮ ስሄድ ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው» አለችኝ። በማግስቱም ያው። ስድስት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ የሰጡኝ ወረቀት «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ይዤው አንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሄድኩ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ የእኛ ስም የሌለበት ደብዳቤ አንቀበልም ብሎ መለሰኝ። አስተካክዬ ስመለስ የተማሪ ቦታው ሞልቷል። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስለዚህ መጀመሪያ በአካል ሄደሽ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ፣ ትክክለኛ ስማቸውን ጽፈሽ ለቢሮው ስጪ፣ የሦስት የአራት ድርጅት ደብዳቤ ባንዴ አስጽፊ።

3. ምቹ ቦታ አትምረጪ። ቦታ ሳጣ አጎቴ በሰው በሰው አንድ መሥሪያ ቤት አስገባኝ። «ወርክሾፑ ለሴት አይመችም» ብለው ቢሮ አስቀመጡኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ደስ ብሎኛል። አራት ወር ደብዳቤ ስተይብና ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ከረምኩ። ሎግቡኩን (የየቀኑ ሥራ የሚመዘገብበትን ደብተር) ከጓደኛዬ ገለበጥኩ። ኤ አገኘሁ፣ ቤተሰብም ኮራ።

ተመርቄ አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ዜሮ ዓመት ልምድ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ለተግባር ፈተና ስንጠራ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ኮንታክተር (ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሞተሩን መስመር የሚያገናኝ ማብሪያ)፣ ታይመር፣ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ ከረንት ሲስብ የሚያቋርጥ)፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ተቀምጧል። «ሞተሩን በስታር ዴልታ አስነሺ» አሉኝ። መጀመሪያ በስታር አገናኝተሽ አስነስተሽ፣ ፍጥነት ሲይዝ ወደ ዴልታ ማዞር ማለት ነው። ቲዎሪውን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ለምን መነሻ ላይ ከረንቱ እንደሚቀንስ፣ ስታሩና ዴልታው አንድ ላይ ከገቡ ሾርት እንደሚሆን፣ ሁሉንም በወረቀት ማሳየት እችላለሁ። ግን በእጄ ኮንታክተር ይዤ አላውቅም ነበር። የትኛው ጫፍ ኮይሉ እንደሆነ ስፈልግ ጊዜው አለቀ። ከእኔ ቀጥሎ የገባው የቴክኒክና ሙያ ልጅ አስሮ፣ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ሥራውን እሱ ወሰደ፣ ይገባዋልም። ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ኢንተርንሺፕ የት ነው የወጣሽው?» ብቻ አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዛ በኋላ ነው ስምንት ወር የተቀመጥኩት። ሰዉ «ዘመድ ከሌለሽ ሥራ የለም» ይለኛል። ዘመድ ጭራሽ አይሠራም አልልሽም፣ እኔንም ያስገባኝ ዘመድ ነው፤ ያስገባኝ ግን ምንም ወደማልማርበት ቦታ ነው። በመጨረሻ ሰፈራችን አካባቢ የተቃጠለ ዲናሞ የሚጠቀልሉ አንድ ጋሼ ጋ ሄጄ «ሳይከፍሉኝ ልሥራ» አልኳቸው። «ልብስሽ ይቆሽሻል» አሉኝ። «ይቆሽሽ» አልኩ። አምስት ወር እሳቸው ጋ መዳብ ጠቀለልኩ፣ የኤሌክትሪክ ቦርድ አሰርኩ፣ በቴስተር ብልሽት መፈለግ ተማርኩ። በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ውስጥ ያልነካሁትን በአምስት ወር ነካሁት። ቀጥሎ የተፈተንኩበት ፋብሪካ ያንኑ ስታር ዴልታ ሰጠኝ፤ አንዴም ሳልሳሳት አስነሳሁት። አሁን እዛው የጥገና ክፍል ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ኮርሱን በተመለከተ፣ ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠር፣ ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ ኮምፒውተር) መማሩ ጥሩ ነው፣ ግን ኮንታክተር ካወቅሽ በኋላ ይሁን። እጅሽ ካልለመደ ሰርተፍኬቱ ፈተና ላይ አያድንሽም። በዚህ ክረምት እናንተ ከተማ ውስጥ ዲናሞ ቤት ወይ ቦርድ የሚያስሩ ልጆች አይጠፉም፣ ሁለት ወር እነሱ ጋ ገብተሽ ሥሪ። የዲፓርትመንትሽን የላብ ቴክኒሻንም ተወዳጂው። እኛ ግቢ ያለው በጣም ጎበዝ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ላቡ ባዶ ሲሆን የሚሄድ ተማሪ ግን የለም፤ እኔም አንድ ቀን ሄጄ አላውቅም። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽንም በማትላብ ሲሙሌሽን (ኮምፒውተር ላይ ብቻ በሚሠራ ሙከራ) ብቻ አትዝጊው፣ ትንሽም ብትሆን የሚነካ ነገር ሥሪ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስልክሽን አውጥተሽ ፎቶውን ታሳያለሽ።

ወርክሾፕ ስትጠይቂ «ሴት ነሽ» ካሉሽ ዝም አትበይ። ቱታ ይዘሽ ሂጂና ሱፐርቫይዘሩን ፊት ለፊት ጠይቂው። እኛ ጋ ባለፈው የመጣች ተማሪ እንደዛ አድርጋ በሁለተኛው ሳምንት ከእኔ ጋር ሞተር ስታወርድ ነበር። ፋብሪካችን በየዓመቱ ተማሪ ይቀበላል፤ አዲስ አበባ መምጣት ከቻልሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈውን ትክክለኛ ስም እልክልሻለሁ።