ፒተር ጋብሪኤል ከባንዱ ከወጣ በኋላ፦ የደሴ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ ዝናቡ አላስወጣ አለን። እኛ ቤት ተሰብስበን የፒተር ጋብሪኤልን የመጀመሪያ የብቻ አልበም ከዳር እስከ ዳር ሰማን። አቦሉ ላይ ጀመርነው፤ በረካው ሲቀዳ አለቀ። 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ጥያቄው ግን እስከ ማታ አላለቀም። በማግስቱም ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ እየተደወለ ተጨመረ። ይሄን አልበም ከ20 ዓመት በላይ አብሬው ኖሬያለሁ። የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለማናውቀው ሰዎች፣ ሰውየው ማነው? ከየትኛው ባንድ ነው የወጣው? (ከኮምቦልቻ)

እንግሊዛዊ ነው። ጀነሲስ የሚባለውን የሮክ ባንድ በ1967 ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር መሠረተ። ረጃጅም ዘፈን ነበር የሚሠሩት፤ ከ20 ደቂቃ የሚያልፍም አላቸው። እሱ መድረክ ላይ ተረት ያወራል፣ ልብስ ይቀያይራል። በ1972 ደብሊን ላይ የሚስቱን ቀይ ቀሚስ ለብሶ፣ የቀበሮ ጭንቅላት አጥልቆ ብቅ አለ። ለባንዱ እንኳ አልነገረም ነበር። ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ተከለ። ዜማውን አብረው የሚሠሩት ሌሎቹ አራቱ ጥላ ውስጥ ቀሩ።

ተጣልተው ነው? ወይስ አባረሩት? (ከደሴ፣ ሆጤ)

ሁለቱም አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይሄን ሳያውቁ አልበሙን መስማት ይከብዳል።

በ1974 ባንዱ ባለ ሁለት ሸክላ ትልቅ አልበም እየሠራ ነበር። ጋብሪኤል ግጥሙን በሙሉ እኔ ልጻፍ አለ። ሌሎቹ ዜማውን ያዙ። ይሄ ቅር አሰኛቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የመጀመሪያ ልጁ ተወለደች። ወሊዱ ከባድ ነበር፤ ሕፃኗም ታማ ማሞቂያ ውስጥ ገባች። አባት ከሆስፒታል ስቱዲዮ፣ ከስቱዲዮ ሆስፒታል ይመላለሳል። ባንዱ ደግሞ አልበሙ ዘገየ እያለ ይጨነቃል። ሁሉም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው።

ኅዳር ላይ፣ ጉዞው ገና ሲጀመር፣ አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ እንደሚወጣ ነገራቸው። አሁን ልብ በሉ። ነግሯቸው አልሄደም። እስከ ግንቦት 1975 ድረስ 100 ገደማ መድረክ ላይ አብሯቸው ዘፈነ። ከፊት የቆመው ሕዝብ የሚያውቀው ነገር የለም። አምስቱ ግን በየምሽቱ እየተሰነባበቱ ነው የሚጫወቱት። ለሕዝብ የተነገረው ነሐሴ ላይ ነው።

ከዚያ ቤቱ ገባ። ልጁን አሳደገ፣ ጓሮው ውስጥ አትክልት ተከለ፣ ፒያኖ ተለማመደ። አልበሙ የወጣው በየካቲት 1977 ነው።

አልበሙ ስሙ ማን ይባላል? ስፈልግ የሚመጣልኝ የሱ ስም ብቻ ነው። (ከወልድያ)

ትክክል ነሽ እህቴ፣ የአልበሙ ስም "ፒተር ጋብሪኤል" ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። እንደ መጽሔት እትም ይታይልኝ ብሎ ነው። አድማጭ ደግሞ በሽፋኑ ለየው፤ የመጀመሪያውን "መኪናው" ይሉታል።

ሽፋኑን ካገኘሽው በደንብ እዪው። ዝናብ የመታው መኪና ነው፣ ሰማያዊ። ኮፈኑ ላይ ያለው የውሃ ጠብታ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እሱ ከመስታወቱ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ፊቱ በደንብ አይታይም። ያ ሁሉ የቀበሮ ጭንቅላትና ቀሚስ የለም። ቅዳሜ ዕለት መስኮታችን ላይ ዝናቡ እየወረደ ሽፋኑን ስናየው ቤቱ ዝም አለ።

ማን ነው ያቀናበረው? (ከደሴ)

ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ኤዝሪን ነው፣ ካናዳዊ። ከሮክ ዘፋኞቹ ከአሊስ ኩፐርና ከሉ ሪድ ጋር የሠራ፣ ትልቅ ድምፅ የሚወድ ሰው። ቀረጻው በብዛት ቶሮንቶ ነው የተካሄደው። ጊታር ላይ ስቲቭ ሃንተርና ኪንግ ክሪምሰን የሚባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት ሮበርት ፍሪፕ አሉ። ሲንተሳይዘር ላሪ ፋስት። ቤዝ ቶኒ ሌቪን። እኔም ቤዝ ተጫዋች ስለሆንኩ ስለ ሌቪን ብናገር አያልቅብኝም፤ የሁለቱ ወዳጅነት እዚህ አልበም ላይ ተጀምሮ አሥርት ዓመታት ዘልቋል ብዬ ልለፈው።

እኔ ሮክ ስሰማ ራሴን ያመኛል። መንዙማና ትዝታ ለለመደ ጆሮ ይሄ ምን ይረባል? (ከሐይቅ፣ አንድ አባት)

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። የጊታሩ ጩኸት ላልለመደ ሰው ይከብዳል። እርስዎ ከአልበሙ ሁለተኛውን ዘፈን ብቻ ይስሙልኝ፤ "ሶልስበሪ ሂል" ይባላል። ሲጀምር ኤሌክትሪክ የሌለው ጊታር ብቻ ነው፣ ያለ ጩኸት። ቡና ሲፈላ ቢከፍቱት ጨዋታ አያቋርጥም።

ታሪኩም ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። ሶልስበሪ እንግሊዝ አገር ባዝ ከምትባል ከተማ አጠገብ ያለ ኮረብታ ነው። ሰውየው በማታ ኮረብታው ላይ ወጥቶ የከተማውን መብራት ቁልቁል ያያል። እዚያ ላይ ሆኖ ነው የለመደውን ኑሮ ትቶ ለመሄድ የሚቆርጠው። ጦሳ ላይ ሲመሽበት ደሴን ቁልቁል ያየ ሰው ይሄን ዘፈን ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል። እርስዎም ጦሳን ስንት ጊዜ ወጥተውታል።

ያው "ሶልስበሪ ሂል"፣ ላጨበጭብለት ብል ምቱ ያመልጠኛል። ጥፋቱ የኔ ነው? (ከኮምቦልቻ)

አይደለም! ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ዘፈኑ በሰባት ምት ነው የሚሄደው።

ብዙው የሮክ ዘፈን በአራት ይቆጠራል። የእኛ ጭክችካ ደግሞ ስድስት ነው፤ ወገብም እጅም ያውቀዋል። ሰባት ግን አንድ ይጎድለዋል ወይም አንድ ይተርፈዋል። እኔ አራትና ሦስት አድርጌ ነው የምቆጥረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወዲያው እንደገና አንድ። ስምንተኛውን ስትጠብቅ ዘፈኑ ጥሎህ ሄዷል።

ቅዳሜ ዕለት የእህቴ ልጅ፣ 9 ዓመቷ ነው፣ በሻይ ማንኪያ የረከቦቱን ጠርዝ እየመታች ልትከተለው ሞከረች። ሁለት ጊዜ ሳተች። ሦስተኛው ላይ መቁጠሩን ትታ ዓይኗን ጨፈነች። ያዘችው። ትልልቆቹ ገና በጣታችን እየቆጠርን ነበር።

ከሁሉ የምወደውን ደግሞ ልንገራችሁ። ዘፈኑ ስለ ቤት የሚያወራበት ቦታ ላይ፣ አዝማቹ መጨረሻ ሲደርስ፣ ምቱ ወደ አራት ይመለሳል። ያ ሁሉ መደነቃቀፍ ለአፍታ ይረጋል። እግር ደረጃ ሲጨርስ ሜዳ እንደሚያገኘው ማለት ነው። ከዚያ ተመልሶ ወደ ሰባት። ሰው ከለመደበት ወጥቶ ገና ያልደረሰ ሲሆን እንደዚህ ነው የሚራመደው። ግጥሙ ባይገባችሁ እንኳ ምቱ ይነግራችኋል።

ነጠላ ዜማው እንግሊዝ ውስጥ 13ኛ ደረጃ ደርሷል። በሰባት ለሚቆጠር ዘፈን ትልቅ ነገር ነው።

በክራር ይሆናል? (ከባቲ መንገድ፣ አንድ ክራር ተጫዋች)

ለምን አይሆንም! ክራርህን በሙሉ ትዝታ ቃኘው፤ ባቲ ላይ አትሂድ፣ የዘፈኑን ብርሃን ያጠፋብሃል። አገርህ ባቲ ሆኖ ባቲን ተው ስላልኩህ ይቅርታ አድርግልኝ። ዜማው ሁሉ አይገባልህም፣ አንዳንድ ድምፅ ይጎድልሃል። የጊታሩን ድርድር ግን ልትቀርበው ትችላለህ። መጀመሪያ ሰባቱን እጅህ ይልመድ፣ ዜማውን በኋላ።

ሁሉም ዘፈን ጥሩ ነው? እኔ ግማሹ አልገባኝም። (ከደሴ፣ ፒያሳ)

አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። ዘጠኝ ዘፈን አለ፣ ዘጠኙም የተለያየ ሰው የሠራው ይመስላል። አንዱ ቀጥተኛ ሮክ ነው። አንዱ የድሮ አሜሪካኖች በአራት ድምፅ የሚዘፍኑት ዓይነት ቀልድ ያለበት ነው። አንዱ የመጠጥ ቤት ብሉዝ። አንዱ ላይ ደግሞ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሙሉውን ገብቷል። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ ደግሞ እንደ ሐቀኝነት አየዋለሁ። ለስምንት ዓመት አንድ ዓይነት ልብስ የለበሰ ሰው ሱቅ ገብቶ ሁሉንም እየለካ ነው። የትኛው ልክ እንደሚሆነው ገና አላወቀም።

የሚቆጨኝ አንድ አለ፤ የመጨረሻው ዘፈን፣ ስለ ጎርፍ የሚያወራው "ሂር ካምስ ዘ ፍለድ"። ግጥሙ የሚያስፈራ፣ ዜማው የሚያስለቅስ ነው። ኤዝሪን ግን ድራሙንም ጊታሩንም ከመረበት። ዘፋኙ ራሱ በኋላ አልወደደውም። በ1979 በፍሪፕ አልበም ላይ በአብዛኛው በፒያኖ ታጅቦ እንደገና ዘፈነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። በመጀመሪያው ጎርፉን ከሩቅ ታያላችሁ፤ በሁለተኛው ውሃው ጉልበታችሁ ጋ ደርሷል። የጨመረው ነገር የለም፣ የቀነሰው እንጂ። ለሚያቀናብር ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

እኛ አገርስ ዘፋኝ ባንድ ለቆ ብቻውን ሲወጣ ለምን እንዲህ አይወራም? (ከወልድያ)

አሠራሩ ስለሚለያይ ነው። እዚያ ስሙ የባንዱ ነው፤ ጀነሲስ ይባላል፣ ዘፋኙ አንዱ አባል ነው። ሲወጣ ስም የሌለው ሰው ይሆናል። እኛ ጋ ካሴቱ ላይ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ነው። ባንዱ ከኋላ ነው፣ ለብዙ ዘፋኝ ይጫወታል። ጋብሪኤል ከባንዱ በወጣበት በ1975 ማሕሙድ አሕመድ "እሬ መላ መላ"ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ይቀርጽ ነበር። ሁላችንም የምንለው የማሕሙድ ነው።

ለእኛ ወሎዎች የሚቀርበው ምሳሌ ኪነቱ ነው። የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ስሙ የጋራ ነበር። ማሪቱ ለገሠን የመሰለ ድምፅ ግን ከዚያ ወጥቶ በራሱ ስም ቆመ። አምባሰል ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው እሷን ነው። በሮኩ በኩል ደግሞ ጃኖ ባንድ አለ፤ "ኤርታሌ" የተባለውን አልበሙን አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው።

እኔ ራሴ ባንድ ውስጥ እዘፍናለሁ። መውጣት እፈልጋለሁ፣ ግን ከዳን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። (ከኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ። መውጣት ክዳት አይደለም።

ከዓመታት በፊት በአንድ የሠርግ ባንድ ቤዝ እጫወት ነበር። ቅዳሜ ሠርግ ይዘናል። ዘፋኛችን ዓርብ ማታ ስልኩን አጠፋ። ሌላ ቦታ የተሻለ ከፍለውት ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ኪቦርዲስታችን በዚያ በተዘጋ ድምፁ "ሙሽራዬ" ሊል ሞከረ። የሙሽራዋ አባት ምንም አላለንም፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት አየ። ያ ፊቱ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ዘፋኙ የተሻለ መፈለጉ መብቱ ነበር። እኔን ያሳዘነኝ ዓርብ ማታ መሆኑ ነው።

አንተ ንገራቸው። የያዛችሁትን ሥራ ጨርስ። እነሱም ይኖራሉ፤ ጀነሲስ ከበሮ መቺውን ፊል ኮሊንስን ማይክ አስይዞ ጭራሽ ገነነ። ከወጣህ በኋላ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አልበም ካላወጣሁ አትበል። ጋብሪኤል ዓመት ከመንፈቅ ጠብቋል።

እንደሱ ወጥቶ የተሳካለት ሌላ አለ? (ከደሴ)

ሞልቷል። ኦዚ ኦስቦርን በ1979 ከብላክ ሳባዝ ተባሮ በ1980 የራሱን አወጣ። ስቲንግ በ1985። ፊል ኮሊንስ ራሱ በ1981፤ እሱ እንኳ ባንዱን ሳይለቅ ነው።

ከዚህ አልበም ቀጥሎ የትኛውን ልስማ? (ከሐይቅ)

ሁለተኛውን፣ የ1978ቱን፣ ፍሪፕ ነው ፕሮዲውስ ያደረገው፤ ደረቅ ያለ ነው። ከቸኮልሽ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው እለፊ፣ 1980። እዚያ ላይ ሰውየው ልኩን አግኝቷል። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ከበሮውን የሚመታው ፊል ኮሊንስ ነው። ተጣልተው ነው ወይ ብሎ ለጠየቀው ወንድም መልሱ እዚያም አለ።

ሌላም ልጨምር። ጋብሪኤል በ1989 ሪል ወርልድ የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ አቋቋመ። በ2008 ያ ድርጅት ደብ ኮሎሰስ የተባለውን ቡድን አልበም አወጣ፤ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች የተጫወቱበት፣ ስሙም አዲስ አበባን የሚጠራ። ከቀበሮው ጭንቅላት እስከ እኛ ቅኝት ድረስ መንገዱ ይሄን ያህል ረዝሟል።

የሚመጣው ቅዳሜ ሦስተኛውን አልበም እንሰማለን። ክራሩ ያለው ልጅ ክራሩን ይዞ ይምጣ። ቡናው ከእኛ ነው።