የአባቴን ዳዊት ለልጄ ልውሰድላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ልጄ ጀርመን ወልዳለች፣ ላርሳት ልሄድ ነው። ቅቤ፣ ቋንጣ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ማር አዘጋጅቻለሁ። ከአባቴ የወረስኩት የብራና ዳዊትም አለ፤ ከአያቴ በፊት የነበረ ነው፣ ለልጅ ልጄ ላወርሰው አስቤ ነበር። ሰው ግን ቦሌ ላይ ይወሰድብሻል ብሎ አስፈራራኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችልዎ!

ከዳዊቱ ልጀምር፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። እባክዎ አይውሰዱት። የእርስዎ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሕጉም ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዳይኖር አይከለክልም። የሚከለክለው ከአገር ማውጣቱን ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሚወጣው ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን በጽሑፍ ሲፈቀድ ነው። ለልጅ ልጅ ማውረስ እዚህ ውስጥ አይገባም። በነጠላ ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ቢያስገቡትም ፍተሻው ላይ ይታያል፣ ከተያዘ ደግሞ መጽሐፉን ማጣት ብቻ ሳይሆን በወንጀልም ያስጠይቃል።

ሕጉ ባይኖርም ምክሬ ያው ነበር። በ1860 ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ለንደን ናቸው። አንዴ የወጣን ማስመለስ ምን ያህል እንደሚያዳግት እያየን፣ እጃችን ላይ የቀረውን ራሳችን አናውጣ። ባሕር ዳር ካለው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደው ያስመዝግቡት። ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አስነስተው ለልጅዎ ይዘውላት ይሂዱ፣ ዳዊቱ ቤትዎ ይጠብቃት።

ስጦታ ካስፈለገ ዘጌ ላይ አዲስ የተሠራ የብራና ሥዕል ይግዙ። ደረሰኙን አይጣሉ። ከመብረርዎ በፊትም አዲስ አበባ ካለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለስልጣን ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ያውጡ፤ ቦሌ ላይ በቃል መከራከር አያዋጣም።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ቅቤና ቋንጣውን ይተዉት። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከኛ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም፣ የተነጠረም ቢሆን፣ ትንሽም ብትሆን። የአራስ ገንፎ ያለ ቅቤ እንዴት ይሆናል እንደሚሉ አውቃለሁ። ቅቤውን እዚያው ገዝተው፣ ከዚህ በሚወስዱት ኮረሪማና ደረቅ ኮሰረት ያንጥሩላት። ማር እስከ 2 ኪሎ ይገባል። ሽሮና በርበሬ ችግር የለባቸውም፣ ሽሮው ውስጥ ቅቤ ካልገባበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ዓሣ መፈቀዱን ነው፤ የደረቀ የጣና ዓሣ ለራስ ፍጆታ እስከ 20 ኪሎ መያዝ ይቻላል። እርጥብ ጤና አዳም ግን የዕፅዋት ጤንነት ሰርተፍኬት ስለሚጠየቅበት ይቅርብዎ።

ጀርመን ሲደርሱ መውጫው ላይ አረንጓዴና ቀይ መስመር አለ። ስለ አንድም ዕቃ ከተጠራጠሩ በቀዩ ገብተው ያሳዩ። ቢበዛ ዕቃውን ያስቀሩብዎታል፤ ደብቀው በአረንጓዴው ሲያልፉ ከተያዙ ግን ቅጣት አለው።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳዎ ይያዙት።