«ባትሪውን አውጥቼ ነበር፤ ታዲያ ምን ነዘረኝ?»

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። በኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 4 ጨርሰሽ ሥራ መፈለግ ከጀመርሽ ስምንት ወር ሆኖሻል። አጎትሽ ከጅዳ ሲመለስ ይዟት የመጣት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ሌንሷ ግማሽ ድረስ ወጥቶ ቀረ። «እኔ እሠራልሃለሁ» ብለሽ ፈታሻት፤ ባትሪዋን ቀድመሽ ብታወጪም ጣትሽን ክፉኛ ነዘረሽ፤ ከዚያ ወዲህ ደፍረሽ አልነካሻትም። ጥያቄዎችሽ ሁለት ናቸው፦ ካሜራ መጠገን እንጀራ ይሆናል ወይ? ባትሪ የሌለው ዕቃስ እንዴት ይነዝራል?

ሁለተኛውን ላስቀድም። እሱ ሳይገባሽ ወደ መጀመሪያው እንድታልፊ አልፈልግም።

የነዘረሽ የፍላሹ ካፓሲተር ነው። ፍላሽ የምንለው በዜነን ጋዝ የተሞላች ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው፤ 3.7 ቮልት ባለው ባትሪ ብቻ ብልጭ አትልም። ስለዚህ ካሜራው የባትሪውን ጉልበት ወደ 300 ቮልት አካባቢ ያሳድግና ካፓሲተሩ ውስጥ ያጠራቅመዋል። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት መሆኑን አትርሺ። ባትሪውን ማውጣት የቧንቧውን መስመር እንደመዝጋት ነው፤ መስመሩ ቢዘጋም ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ እንደሞላ ነው። ካፓሲተሩ የያዘውን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይዞት ይቆያል። ካሜራዋ መሳቢያ ውስጥ ስለከረመች ብቻ ባዶ ናት ብለሽ አትመኚ።

እኔም የተማርኩት እንዳንቺው ተነዝሬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ጓሮ ተቀጥሬ ዕቃ እጠግን ነበር። አንዲት ሴት ካሜራዋን አመጣች፤ በማግስቱ ወደ ቤይሩት ልትሄድ ነው፤ ከእናቷ ጋር የተነሳቻቸው ፎቶዎች ውስጡ ናቸው። ባትሪውን አወጣሁ፣ የፊት ሽፋኑን ከፈትኩ፣ በግራ እጄ ደግፌ በቀኜ ካቻቢቴ ሳነሳ የግራ አውራ ጣቴ ሁለቱ የብየዳ ነጥቦች ላይ አረፈ። እጄ በራሱ ተወረወረ። ካሜራው ግድግዳ መትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ጣቴ ላይ የቀረችው የቃጠሎ ነጥብ በሳምንት ዳነች፤ የሴትየዋ ፊት ግን እስከዛሬ ትዝ ይለኛል። ካርዱ ደህና ስለነበር ፎቶዎቿን ገልብጬ ሰጠኋት፤ የካሜራውን ዋጋ ከደመወዜ ከፈልኩ። «ባትሪውን አውጥቼ ነበር» እያልኩ ብደጋግመውም፣ እሷን ምን ይረባታል?

ጉዳቱን አሳንሰሽም አጋነሽም አትይው። በጣት ጫፍ መካከል የሚያልፍ ንዝረት ያማል፣ ያቃጥላል፣ ያስደነግጣል፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ያበቃል። ከአንዱ እጅ ገብቶ በደረት አልፎ በሌላው እጅ ከወጣ ግን መንገዱ ልብ ላይ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ይህን ሥራ ጭራሽ መንካት የለበትም።

አሠራሩን ልንገርሽ። ካፓሲተሩን ታገኚዋለሽ፤ የትንሽ ጣት ያህል ውፍረት ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ልባስ የለበሰ ሲሊንደር ነው፤ ከፍላሹ ሥር ወይም ከባትሪው ቤት ጎን ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ 330 ቮልት ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥር ተጽፎበታል። 2 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ ግዢ። ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሽቦ በይጂበትና ባዶ ብረት እስከማይታይ ድረስ በደንብ ሸፍኝው፤ የሚነካው የሁለቱ ሽቦዎች ጫፍ ብቻ ይሁን። የእጅሽን ቀለበትና አምባር አውልቂ። ጠረጴዛው ደረቅ ይሁን፤ ብረት ከሆነ ላስቲክ አንጥፊበት። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ካፓሲተሩ እግሮች ላይ አሳርፈሽ እስከ አስር ቁጠሪ። አሁን ቴስተርሽን 600 ወይም 1000 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገሽ ለኪው። ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ ድገሚው። ዜሮ ቢያሳይም ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪው፤ ካፓሲተር ባዶ ሆኖ ከታየ በኋላ ጥቂት ቮልት መልሶ የማንሠራራት ጠባይ አለው።

በካቻቢቴ አጋጭተው የሚያወርዱትን ታያለሽ። «ጧ!» ይላል፤ ሠሪውም ደፋር ይመስላል። ብልጭታው የብየዳውን ነጥብ ያቀልጣል፣ ካፓሲተሩን ይጎዳል፣ አጠገቡ ያሉትን ጥቃቅን ዕቃዎች ሊያቃጥል ይችላል፤ የቀለጠው ብረትም ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል። የጥንቃቄ መነጽር በአምፖል ዋጋ ይገኛልና አድርጊ።

አብዛኛው ሰው የሚነዘረው ግን መጀመሪያ ሲፈታ አይደለም። ጠግኖ፣ ሳይገጥም ባትሪ አስገብቶ «እስቲ በራ?» ብሎ ሲሞክር ነው። ካሜራው ሲበራ ካፓሲተሩ በሰከንዶች ውስጥ ይሞላል። ሰውየው ቅድም ማውረዱን ያስታውሳል፤ እንደገና መሙላቱን ይረሳል። ባትሪ ባስገባሽ ቁጥር ካፓሲተሩ እንደ አዲስ ሞልቷል ብለሽ ነይ። ይህችን ብቻ ከያዝሽ ከደብዳቤዬ ትልቁን ወስደሻል።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፦ የትናንሽ ካሜራዎች ጥገና ብቻውን ደሴ ላይ የቤት ኪራይ አይከፍልም። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር ባወጣው አኃዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አባል ድርጅቶቹ ሌንሳቸው አብሯቸው የተሠራ ካሜራዎችን ከ100 ሚሊዮን በላይ ለገበያ አቅርበው ነበር፤ በ2023 ግን ቁጥሩ 2 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ስልኩ ወሰደው። የቀሩት ደንበኞችሽ ጥቂት ናቸው፤ ጉርድ ፎቶ የሚያነሱ ትናንሽ ቤቶች፣ የሟች አባታቸው ካሜራ እንዲነሳላቸው የሚፈልጉ ልጆች፣ የድሮ ካሜራ የፎቶ መልክ የወደዱ ወጣቶች። ሞባይል፣ የብሉቱዝ ስፒከር፣ ቻርጀርና ላፕቶፕ የምትጠግኚበት ጠረጴዛ ላይ ካሜራን ከጨመርሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዙሪያሽ «ካሜራ አንነካም» የሚሉ ጠጋኞች ሁሉ ወደ አንቺ ይልካሉ።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔ የምወደው የሚያስተምርሽን ነው። የኪስ ካሜራ በጣት በሚያዝ ቦታ ውስጥ ሁሉን አጭቆ ይዟል፤ ሞተር፣ ጥርስ፣ ሌንስ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ሊትየም ባትሪ፣ ክፍሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኙ እንደ ወረቀት የሳሱ ተጣጣፊ መስመሮች፣ ማለትም ፍሌክሶች። እሷን ሳትሰብሪ ፈተሽ የገጠምሽ ቀን ሞባይል አያስፈራሽም።

ብሎኖቹን ተመልከቺ። ውፍረታቸው 1.4 ወይም 1.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመታቸው ግን የተለያየ ነው። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ያሰረ ሰው ቦርዱን ወይም ፍሌክሱን ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ «ሳልነካው ሞተ» ይላል። እኔ ተማሪዎቼን የማስደርጋቸው፣ የካሜራውን ቅርጽ በነጭ ወረቀት ላይ ስለው እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር እንዲለጥፉ ነው። ጭንቅላታቸው በአብዛኛው በጃፓን ደረጃ የተቀረጸ መስቀል ስለሆነ ተራው ካቻቢቴ ያንሸራትታል፣ መስቀሉንም ይልጠዋል፤ ልኩን ፈልጊ። ፍሌክስ ስትነቅዪ መጀመሪያ መቆለፊያዋን በጥፍርሽ ወይም በፕላስቲክ አንሺ፤ ሳትከፍቺ በወረንጦ ከጎተትሻት ትቀደዳለች፤ የተቀደደች ፍሌክስ አትበየድም።

ሳትፈቺ መለየት ደግሞ ከመፍታት ይበልጣል። «ካርድ አያነብም» ተብሎ የመጣ የድሮ ካሜራ ላይ 32 ጊጋ ካርድ ታገኚያለሽ፤ ካሜራው ከ2 ጊጋ በላይ የማያውቅ ዘመን ዕቃ ነው። ሁለት ጊጋ ካርድ ስታስገቢ ይሠራል። በድንጋይ የሚሠራ ካሜራ ከሆነ የድንጋዩን ቤት እዪ፤ የፈሰሰ ድንጋይ ንክኪዎቹን በነጭ አቧራ ይበላቸዋል፤ ጥጥ በኮምጣጤ ነክረሽ ጥረጊው፣ ከዚያ በንጹሕ አልኮል አድርቂው። ስክሪኑ ላይ የድሮ ፎቶዎች ጥርት ብለው እየታዩ አዲስ ስታነሺ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ መስመር ከመጣ፣ ስክሪኑ ደህና ነው፤ ችግሩ ከምስል ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ፎቶ ከሚቀይረው ክፍል፣ ወይም ከፍሌክሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በርካታ የጃፓን ካሜራ አምራቾች ሴንሰሮቻቸው በሙቀትና በእርጥበት እንደሚበላሹ አስታውቀው በነፃ ሲቀይሩ ነበር፤ የዚያ ዘመን ካሜራዎች ዛሬም በየመሳቢያው አሉ። የነፃው ጥገና ዘመኑ ስላለፈ፣ ደንበኛሽን «አይሆንም» ብለሽ በሐቅ መልሺው።

ያበጠ ባትሪ ከመጣልሽ አትጫኚው፣ አትብሺው፣ ቻርጅ አታድርጊው። ደረቅ አሸዋ የያዘ የብረት ጣሳ ጠረጴዛሽ አጠገብ ይኑር፤ ባትሪውን እዚያ አስቀምጪና ከቤት አውጪው። ለደንበኛው ብለሽ እንኳ መልሰሽ አትግጠሚለት።

ሌላው ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ። ሰዎች ካሜራ ሲሰጡሽ የቤታቸውን ጓዳ ይሰጡሻል። ካርዱን እፊታቸው አውጥተሽ መልሺላቸው፤ በራስሽ ካርድ ሞክሪ። ሴት ደንበኞች ይህን አይተው እንደሚመለሱ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የፍተሻ ዋጋሽንም ከመፍታትሽ በፊት ተናገሪ፤ ቢድንም ባይድንም የምትወስጂው መሆኑን በደረሰኝ ላይ ጻፊው።

መንገዱን በተመለከተ፣ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ ገና ካልወሰድሽ ውሰጂ፤ ለብድርም ሆነ በጥቃቅንና አነስተኛ ለመደራጀት ወረቀቱን ይጠይቁሻል። ከዚያ አንድ ሥራ የበዛበት የሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ለሦስትና ለአራት ወር በረዳትነት ግቢ፤ ደመወዙ ቢያንስም የደንበኛ አያያዝ የሚለመደው እዚያ ነው። ጎን ለጎን የሞቱ ካሜራዎችን ሰብስቢ። ዘመዶችሽን ጠይቂ፣ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችን ዙሪ፤ የማይሠራ ካሜራ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። አስሩን ፈተሽ ሳትገጥሚ የሰው ካሜራ አትቀበዪ። ከአስሩ የተረፈው ሌንስ፣ ብሎንና ጥርስ መለዋወጫሽ ይሆናል፤ ለእነዚህ ካሜራዎች አዲስ መለዋወጫ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

የአጎትሽ ካሜራ ደግሞ አለች። የፈታሻትን ሳትጨርሺ አቆምሽ እንጂ ገና አልሞተችም። ካፓሲተሩን በነገርኩሽ መንገድ አውርጂ፣ ለኪ፣ የፈታሽውን መልሰሽ ግጠሚ። ከዚያ ባትሪዋን ሙሉ ቻርጅ አድርገሽ አስገቢ፤ የደከመ ባትሪ ሌንስን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት ይቀራል፤ አንዳንዴ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ሌንሱን ወደ ታች ዘቅዝቀሽ በላስቲክ መንፊያ በሲሊንደሮቹ መካከል ንፊ። በአፍሽ አትንፊ፣ ምራቅ ይገባል። ዘይት አታንጠብጥቢ፤ ወደ መስታወቱ ይሄዳል፣ አቧራም ይሰበስባል። ስታበሪያት «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ ጥርሱ ተበልቷል ወይም አሸዋ ነክሶታል፤ ድምፅ ሳይኖር ሌንሱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሲሊንደሩ ከመስመሩ ወጥቷል። በኃይል አትግፊው። ሁለቱም ሌንሱን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይጠይቃሉ፤ እሱን በአሥረኛው የሞተ ካሜራ ላይ ከተለማመድሽ በኋላ ነይበት። ለአጎትሽም «ሁለት ወር ስጠኝ» በዪው።

ካርዷ ውስጥ ያሉትን የጅዳ ፎቶዎች ግን ዛሬውኑ ገልብጪለት፤ እሱ ብሎን መፍታት አይጠይቅም።