በበዓል ማዕድ ላይ ምን እንክፈት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በበዓል ማታ ቤተሰቡ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። እናቴ «በበዓል ቀን ከመዝሙር ሌላ አይከፈትም» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ዘፈን ከሌለ በዓል በዓል አይለውም። እኔ መዝሙር ዝቅ አድርጌ ልክፈትና እንገላገል ብያለሁ። ግን ሰው እየበላ፣ እየጠጣ፣ እየሳቀ መዝሙር መክፈት ድፍረት አይሆንም?

መልስ፦ እኅቴ፣ የፈራሽው ነገር ትክክል ነው። ወደ እርሱ ልመጣ ነው፤ መጀመሪያ ግን ማዕድ ላይ ዜማ መኖሩ በራሱ ነውር እንዳልሆነ እንያዝ። መጽሐፈ ሲራክ በግብዣ ላይ ያለውን ዜማ በወርቅ ላይ እንደተቀመጠ ዕንቁ ያየዋል። ሽማግሌዎችን ሳይቀር ሲናገሩ ዜማውን እንዳያውኩ ይመክራል። የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜም ታላቅ ወንድሙ ከእርሻ ሲመጣ የሰማው የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ ነበር (ሉቃ. 15፥25)። ግብዣውን ያዘጋጀው ደግሞ አባትየው ነው።

ኢሳይያስ የሚወቅሳቸው ሰዎችም በግብዣቸው በገናና መሰንቆ ነበራቸው (5፥12)። ጥፋታቸው የእግዚአብሔርን ሥራ አለመመልከታቸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ዘፋኝነትን ከስካር ቀጥሎ የሚጠራውም (ገላ. 5፥21) ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መዝሙሩ። መዝሙር ጸሎት ነው። ጸሎት ተከፍቶ ማንም የማያደምጠው ከሆነ፣ በላዩ ላይ ቀልድ ከተወራበት፣ የጫጫታ መሸፈኛ ሆነ ማለት ነው። እናትሽ «መዝሙር ይከፈት» ስትል በዓሉን ለማክበር ብላ ነው፤ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ከኋላ ሲንጎራጎር ቢያመሽ ልጆቹ የሚማሩት መዝሙር ሲሰማ ማውራት እንደሚቻል ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ መዝሙረ ዳዊት ሲያስተምር፣ ቤተሰብ በተለይ በማዕድ ጊዜ እንዲዘምር አጥብቆ ይመክራል። ጠላት መጠጥንና ልቅ ሣቅን ይዞ ማዕድ ላይ ያደባልና። ልብ በይ፣ እርሱ የሚለው «ዘምሩ» ነው። (በዚያን ጊዜ ስፒከር አልነበረም፤ ቢኖርም ምክሩን የሚለውጥ አይመስለኝም።) ጌታና ደቀ መዛሙርቱም ከማዕድ ሲነሡ መዝሙር ዘምረው ነው ወደ ደብረ ዘይት የወጡት (ማቴ. 26፥30)።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ማዕዱ ሲባረክ፣ ወይም ተበልቶ ሲያበቃ፣ ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ሁለት መዝሙር በአፋችሁ ዘምሩ። እናትሽ ብትጀምር ያምራል። ስትዘምሩ ስልኩም ወሬውም ይቁም። በመሃል ሰው ሲበላና ሲጫወት ግጥም የሌለው የመሣሪያ ዜማ በዝግታ ይከፈት። ወይም ምንም አይከፈት። ዘመድ ከተገናኘ ጨዋታው ራሱ ይበቃል፤ ጆሯቸው የደከመ አረጋውያን ደግሞ ከኋላ ድምፅ ካለ ወሬውን መለየት ያቅታቸዋል።

የምትከፍቺውን ቀደም ብለሽ ምረጪ። ዩቲዩብን ዝም ብለሽ ከለቀቅሽው መሃል ላይ ማስታወቂያ ያስገባል፣ ከዚያም ወደ ፈለገው ይሄዳል። ከእንግዶቹ መካከል በቅርብ ሐዘን ያገኘው ካለም አስቢ፤ መጽሐፈ ምሳሌ ላዘነ ልብ የሚዘምረውን ቅዝቃዜ በሆነ ቀን ልብሱን ከሚገፈው ሰው ጋር ይቆጥረዋል (25፥20)።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ በእንግዳ ፊት አትከራከሪው። ከበዓሉ በፊት ለብቻው አነጋግሪው። የሚወደውን ዘፈን ያሰማሽ፤ ግጥሙን እናቱና ሕፃናቱ ባሉበት ጮክ ብሎ ማንበብ ያሳፍረው እንደሆነ ጠይቂው። የሚያሳፍር ከሆነ ራሱ ይተወዋል። ስለ አገር፣ ስለ እናት፣ ስለ ናፍቆት የተዘፈነ ንጹሕ ነገር ከሆነ ግን፣ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ አንድ ሁለቱን ቢያሰማ እኔ በበኩሌ አልቆጣም። እናትሽ ቅር ካላት ግን ቤቱ የእርሷ ነው፤ ለዚያች ማታ ይለፈው።