ልጆቹ መናገርማ ይችላሉ

እህቴ፣ "የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ፊት ወጥተው ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር አቃታቸው፤ የተግባቦት ክህሎት እንዴት ላስተምራቸው?" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 7ኛ እና 8ኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከስህተቴ ልጀምርልሽ።

መጀመሪያ ላይ አንድ በአንድ እያስወጣሁ "ራስህን አስተዋውቅ" እል ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ወጣች። ጠመኔ ይዛ ታገላብጣለች፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። "ስሜ…" ብላ ቆመች። ከኋላ አንዱ ድምጿን አስመስሎ "ስሜ…" ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም "ዝም በሉ! አንቺ ቀጥዪ" አልኩ። አልቀጠለችም። ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። ያቺን "ቀጥዪ" ሳስባት ዛሬም ታሳፍረኛለች።

ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ ጉሊት ብወጣ ማንን ላግኝ? እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ትሸጣለች። "ቲቸር፣ ይሄኛው መደብ ይሻልዎታል፣ ያኛው ውሃ በዝቶበታል፣ ቶሎ ይበላሻል" አለችኝ። ቀንሺልኝ ስላት ሳቀች። "ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ ጠዋት ከዚህ በላይ ነው የሸጥነው።" አንዲት ሴትዮ መጥተው ሲያማርሩባት ደግሞ እስኪጨርሱ ዝም ብላ ሰማቻቸውና ሌላ መደብ አሳየቻቸው። ገዝተው ሄዱ። መስማቱም፣ ማሳመኑም፣ ሰው ማወቁም ሞልቷታል። ክፍሌ ውስጥ የጠፋው የሚሰማት ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምጀምረው ከመስማት ነው።

ሒሳቡንም እዪው። 62 ተማሪ አለኝ። እያንዳንዱ ለ3 ደቂቃ ፊት ቢወጣ 186 ደቂቃ ነው፤ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲሰላ ከአራት ክፍለ ጊዜ በላይ ይበላል። ያውም አንዱ ሲናገር 61ዱ እያዛጋ። ስለዚህ አሁን ማንም ፊት አይወጣም። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሰማል፣ ሦስተኛው ይታዘባል። በየሁለት ደቂቃው ተራ ይቀያየራሉ። በ6 ደቂቃ ክፍሉ በሙሉ ተናገረ ማለት ነው። ትርፍ የሚሆኑት ሁለቱ ከእኔ ጋር ናቸው።

ርእሱ ቅርብ ይሁን። "የትምህርት ጥቅም" ካልሻቸው የመጽሐፍ ቃል ያነበንቡልሻል። "ዛሬ ከቤት እስከዚህ ስትመጣ ምን አየህ?" ይበቃል። የእኛ ሰፈር ደግሞ ወሬ አያጣም። ውሃ የጠፋበት ብሎክ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ጭቃ ውስጥ የቀረ ጫማ።

ሲጨርሱ የምጠይቀው የሰማውን ልጅ ነው፤ "ጓደኛህ ምን አለ?" ማርክም ያለው እዚህ ላይ ነው። ለተናጋሪው የመጀመሪያውን ወር ምንም ማርክ የለም። መጀመሪያ "ቲቸር፣ አልሰማሁትም" ይሉሻል፣ አትናደጂ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጓደኛውን "ቆይ ቆይ፣ ሽማግሌው የወደቁት ታክሲው ሳይቆም ነው ከቆመ በኋላ?" ሲለው ሰማሁ። የዚያን ቀን ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው።

ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች ካሉሽ የመጀመሪያውን ዙር በቋንቋቸው ያውሩት፤ ቋንቋቸውን የሚችል ልጅ አጠገባቸው አስቀምጪ። ሁለተኛው ዙር በአማርኛ ይሆናል። እያወሩ አታርሚያቸው። "እሱ"ን እና "እሷ"ን በማምታታቱ ተስቆበት ዓመቱን ሙሉ አፉን የዘጋ ልጅ አውቃለሁ። እኔ ስህተቱን ማስታወሻዬ ላይ እጽፈውና በሰዋስው ክፍለ ጊዜ የማንም ስም ሳልጠራ አስተምረዋለሁ።

8ኛ ክፍል ላይ ክርክር አስገባለሁ። አያቶቻችን በበላ ልበልሃ ችሎት ቆመው በቃል ይሟገቱ የነበረውን ነግሬያቸው ነው የምጀምረው፣ ይወዱታል። አንድ ሕግ ብቻ አለኝ። መልስ ከመስጠትሽ በፊት ባላጋራሽ ያለውን ራስሽ ትደግሚዋለሽ፤ እሱ "አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት" እስኪል መልስ የለም። ባለፈው "የኮንዶሚኒየሙ ሜዳ የኳስ ነው የመኪና ማቆሚያ?" ብለን ስንከራከር አንዱ ሦስት ጊዜ ደግሞ ሦስቱንም ጊዜ "አላልኩም" ተባለ። በአራተኛው ገባው፤ ገብቶትም "እንደሱ ከሆነማ እኔም እስማማለሁ" ብሎ ቁጭ አለ። ክርክሩ ተበላሸ፣ እኛ ግን ሳቅን።

ጫጫታ ይኖራል፣ ተዘጋጂ። ምክትል ርእሰ መምህሩ አንዴ በር ከፍተው "መምህር የላችሁም እንዴ?" አሉ። እኔ መጨረሻው ዴስክ ሥር ቁጢጥ ብዬ እየሰማሁ ነበር። "የ8ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፣ ንግግር ምን ያደርጋል?" የሚልሽም አይጠፋም። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን 15፣ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የምወስደው፤ ምዕራፍ ሳልጨርስ የቀረሁበት ዓመት የለም።

የጉሊቷ ልጅ 8ኛን ጨርሳ እስክትሄድ ድረስ ፊት መውጣት አልወደደችም። ከተቀመጠችበት ግን እጅ ታወጣ ነበር።