«47 ቫይረስ ተገኝቷል» ለሚለው መልእክት ሳይከፍሉ በፊት

ጥያቄ፦ ቤት ያለን ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ነው። ልጄ ኳስ በነጻ የሚያሳይ ድረ ገጽ ከከፈተ ወዲህ፣ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ በየደቂቃው ቀይ ምልክት ያለው መልእክት ብቅ ይላል። «47 ቫይረስ ተገኝቷል፣ የአንቲቫይረስዎ ጊዜ አልፏል» ይላል። ስጫነው 49 ዶላር ክፈሉ የሚል ገጽ ይከፍታል። አሜሪካ ያለችው እህቴ በካርዷ ልክፈልልሽ ብላኛለች። ትክፈል?

መልስ፦ አትክፈል። ይህን ከማንበብዎ በፊት ደውለው ይንገሯት፤ ሌላው ይደርሳል።

እርስዎ የነገሩኝ ምልክት ሁሉ የሐሰተኛ አንቲቫይረስ ነው። ብራውዘር (እንደ ክሮም ያለ የድረ ገጽ መክፈቻ) ውስጥ የተከፈተ ድረ ገጽ የኮምፒውተርዎን ፋይሎች ገብቶ መበርበር አይችልም። 47 የሚለው ቁጥር ቀድሞ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። «ስካን እየተደረገ ነው» እያለ የሚሞላው አረንጓዴ መስመርም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው፤ ማንም ቢከፍተው ያንኑ ያያል።

ነገሩ የቆየ ማጭበርበር ነው። ዊንፊክሰር፣ ድራይቭክሊነር፣ ኤክስፒ አንቲቫይረስ የሚባሉት ሐሰተኛ ፕሮግራሞች በዚሁ መንገድ ነበር የሚሸጡት። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2008 እ.ኤ.አ. ሻጮቹን ከሰሰ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደተታለለም ገለጸ። በ2012 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ በመጨረሻዋ ተከሳሽ ላይ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። ሌሎች ግን አሁንም ይሠሩበታል። የሚያናድደኝ ደግሞ የሚይዙት ጠንቃቃውን ሰው መሆኑ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግድ የሌለው ሰው መልእክቱን አያነበውም።

አሁን መልእክቱን እስኪ ጠጋ ብለው ይዩት። ከጽሑፉ አጠገብ በትንንሽ ፊደላት «ጉግል ክሮም» የሚል ስምና የማያውቁት ድረ ገጽ አድራሻ አለ? ካለ ኮምፒውተርዎ ላይ የተጫነ ነገር ላይኖር ይችላል። የሆነው እንዲህ ነው። እነዚያ የኳስና የፊልም ገጾች «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አሎው የሚለውን ይጫኑ» ይላሉ። ልጅዎ ጨዋታው እንዳያመልጠው ተጫነ። በዚያች አንድ ክሊክ ገጹ ማሳወቂያ (ኖቲፊኬሽን) እንዲልክ ተፈቀደለት፤ ከዚያ ወዲያ ገጹ ቢዘጋም መልእክቱ ይመጣል።

ፈቃዱን መንጠቅ ቀላል ነው። ክሮምን ይክፈቱ፣ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑ፣ ሴቲንግስ ይግቡ። ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ሳይት ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ኖቲፊኬሽንስ። የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር ይመጣል። የማያውቁትን ሁሉ ብሎክ ያድርጉ። እኔ ብሆን እዚያው ላይ ገጾች ጭራሽ ፈቃድ እንዳይጠይቁ አደርጋለሁ፤ የሚጎድልብዎ ነገር አይኖርም።

ገጹ ሙሉ ስክሪኑን ይዞ አልዘጋ ካለ፣ በውስጡ ያለውን የኤክስ ምልክት አይንኩ። እሱም የገጹ አካል ስለሆነ ወዴት እንደሚወስድዎት አያውቁም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ክሮምን ከዚያ ይዝጉት። ሲከፍቱት «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ካለዎት እንቢ ይበሉ። ገጹ ላይ ስልክ ቁጥር ካለ ደግሞ አይደውሉ። የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክት ስልክ ቁጥር አይጽፍም።

ልጅዎ የሆነ ፋይል አውርዶ ከፍቶ ከሆነ ግን ሥራው ይጨምራል። ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ ኢንስቶልድ አፕስ ይግቡ፤ ዝርዝሩን በተጫኑበት ቀን ይደርድሩት። ችግሩ የጀመረበት ሰሞን የገባ፣ እርስዎ የማያውቁት ፕሮግራም ካለ አንኢንስቶል ያድርጉ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተው በስካን ኦፕሽንስ በኩል ፉል ስካን ያስጀምሩ። ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ማታ ቢያደርጉት ይሻላል። ያ ፕሮግራም ከዚህም በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ እዚያው ያለውን ኦፍላይን ስካን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ ስለዚህ የተደበቀው ነገር ራሱን ለመከላከል ዕድል አያገኝም። ከመጀመርዎ በፊት የከፈቱትን ሥራ ሴቭ ያድርጉ።

«ታዲያ የትኛውን አንቲቫይረስ ልግዛ?» ቀጣዩ ጥያቄዎ ይህ ይመስለኛል። ለቤት አገልግሎት ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይበቃል። ነጻ ነው፣ ያገኘውን ቫይረስ ለማጥፋትም ገንዘብ አይጠይቅም። ዋናው ነገር ዊንዶውሱ አፕዴት እንዲያደርግ መፍቀድ ነው። ዳታ ይበላል ብለው የሚያጠፉት ብዙ ናቸው፣ ይገባኛል፤ ግን ያለ አፕዴት ዲፌንደር አዳዲሶቹን ቫይረሶች አያውቃቸውም። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተነካካ) አንቲቫይረስ ፈጽሞ አይጫኑ። ሲጫን ዲፌንደርን አጥፉ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እህትዎ ቀድማ ከፍላ ከሆነ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ እያለች ከሻጮቹ ጋር አትጻጻፍ። በካርዷ ጀርባ ባለው ስልክ ባንኳ ጋ ደውላ ክፍያው ማጭበርበር መሆኑን ትንገራቸው፤ ካርዱም ተዘግቶ በአዲስ ቁጥር ይቀየርላት። የካርዱ ቁጥር እጃቸው ከገባ በኋላ 49 ዶላሩ ቢመለስም እንደገና ሊቆርጡባት ይችላሉ። እርስዎም ደውለውላቸው እንደ ኤኒዴስክ ባለ ፕሮግራም ላፕቶፑን እንዲቆጣጠሩ ፈቅደው ከነበረ፣ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ይንቀሉ። ከዚያ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃልዎን ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይቀይሩ፤ ከዚያው ላፕቶፕ ላይ አይሁን።